ሥጋ ደዌና የሰውነት መከላከያ፦ ከሐረርጌ እስከ ዘነበወርቅ

በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ሐረርጌ ቀዳሚ ስፍራ አለው። የካፑቺን ሚሲዮናውያን በሐረር ከተማ የሕሙማን መጠለያ ያቋቋሙት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የጀርመን የሥጋ ደዌ ረድኤት ማኅበር ከሐረር ብዙም በማይርቀው ቢሲዲሞ ሰፊ የሕክምና መንደር መሠረተ። ይሁን እንጂ የሐረርና የቢሲዲሞ ተቋማት ዋና ሥራ ሕሙማንን ማስጠለልና ማከም ነበር፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ከሚኖሩ ሰዎች አንዱ በደዌው ሲያዝ ሌላው ለምን እንደሚድን መመርመርን ዋና ሥራው ያደረገ ተቋም የተገኘው ዘግይቶ ነው።

ይህ ተቋም በ1970 በአዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር፣ በ1965 ከተመሠረተው የአለርት ማዕከል አጠገብ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ነው። ለመመሥረቱ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ገንዘብ ያቀረቡ ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው በ1873 በበርገን ከተማ የደዌውን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሞርተን ሃርቦ፣ ተተኪያቸውም ቶሬ ጎዳል ነበሩ።

ተመራማሪዎቹ የገጠማቸው ጀርም እጅግ አስቸጋሪ ነበር። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ አንድ ጊዜ ለመራባት ሁለት ሳምንት ያህል የሚፈጅበት ከመሆኑም በላይ በቤተ ሙከራ በተዘጋጀ ምግብ ላይ አይበቅልም፤ ስለዚህ ለምርመራ የሚያስፈልገው ባክቴሪያ ከሕሙማን ቆዳ ላይ ከተወሰደ እባጭ እየተጣራ ይዘጋጅ ነበር። ደዌውም በሁሉም ሰው ላይ አንድ መልክ የለውም። ቱበርኩሎይድ በሚባለው መልኩ ሰውነት ጠንክሮ ስለሚከላከል የቆዳ ነጠብጣቦች ጥቂት፣ ባክቴሪያውም እምብዛም የማይታይ ሲሆን፣ ሌፕሮማተስ በሚባለው መልኩ ግን መከላከያው ዝም ስለሚል ባክቴሪያው በቆዳ ውስጥ እንደ ልቡ ይራባል። የሁለቱ ልዩነት ከጀርሙ ሳይሆን ከባለ ደዌው የመከላከል አቅም የመነጨ መሆኑ የኢንስቲትዩቱ ጥናት ሁሉ መነሻ ነበር።

ጎዳልና ባልደረባቸው ነጋሲ በ1973 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የላቀ ግምት የሚሰጠው ነው። ከደም የተለዩ ሊምፎሳይት የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ከተገደለ ባክቴሪያ ጋር ለቀናት እንዲቆዩ ይደረጋል፤ ቀድሞ ያውቁት ከሆነ ይባዛሉ፤ ካላወቁት ባሉበት ይቀራሉ። በዚህ ዘዴ ከሕሙማን ጋር ግንኙነት ከነበራቸው ወይም ደዌው በሚገኝበት አገር ከአንድ ዓመት በላይ ከኖሩ ጤነኞች መካከል ግማሽ ያህሉ ምላሽ አሳይተዋል። ይህም ማለት ባክቴሪያው በደዌው ከሚታመሙት በሚበልጡ ሰዎች ውስጥ ይገባል፣ ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ያሸንፈዋል ማለት ነው። ሕክምና ከጀመሩ ገና ስድስት ወር ካልሞላቸው የሌፕሮማተስ ሕሙማን ጋር በሚኖሩ ሰዎች ላይ ግን ምላሹ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ከዓመት በላይ ከታከሙት ጋር በሚኖሩት ዘንድ ከፍ ያለ ነበር። የደዌው ስም ብቻ ሰውን ከቤቱና ከእርሻው ለማስወጣት ይበቃ በነበረበት አገር፣ አብዛኛው ሰው ባክቴሪያውን እንደሚያሸንፍ የሚያሳየው ውጤት የመገለልን ልማድ መሠረት የሚያናጋ ነበርና ከአዲስ መድኃኒት ያላነሰ ዋጋ አለው።

ከሥጋ ደዌው ጋር የሚመሳሰል ሌላ የመከላከያ ጥያቄ የተነሣው ከጥገኛ ተሕዋሲ ወገን ነው። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ሊሽማንያሲስ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ደጋ ዝርያው ሊሽማንያ ኢትዮፒካ የሚል ስም በ1973 ተሰጥቶታል፤ ማደሪያውም ሽኮኮ ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ ቁስሉ ጊዜውን ጠብቆ በራሱ የሚድን ቢሆንም፣ በጥቂቶች ላይ መላ ሰውነትን በእባጭ ሸፍኖ ሌፕሮማተስ ሥጋ ደዌን ይመስላል፤ ባልዘር፣ ዴስቶምብ፣ ሻለርና ሴሪ በ1960 ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ መመሳሰል በስሙ ጭምር አመልክተዋል። ሐና አኩፎና ባልደረቦቻቸው በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ቁስሉ በአንድ ስፍራ የተወሰነላቸው ሕሙማን ሊምፎሳይቶች ለተሕዋሲው ፕሮቲኖች ብርቱ ምላሽ ሲሰጡ፣ ደዌው የተሠራጨባቸው ሰዎች ሊምፎሳይቶች ግን ደካማ ሆነው ተገኝተዋል፤ የተሕዋሲው አንዳንድ ክፍሎችም መከላከያውን እንደሚያፍኑ ምልክት ታይቷል።

ኢንስቲትዩቱ በ2004 በኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር የሆነ ሲሆን፣ ባክቴሪያው የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ዘመድ የሆነውን የሳንባ ነቀርሳንም የምርምሩ ዐቢይ ርእስ አድርጓል። የሌፕሮማተስ ባለ ደዌ ለሌሎች ጀርሞች የመከላከል ምላሹን እንደያዘ ለሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ብቻ ተለይቶ ዝም የሚልበት ምክንያት እስከ ዛሬ ሙሉ መልስ አላገኘም።