«ወንበር አይዙም»፦ ልጆች፣ ስታዲየምና የዓመት ትኬት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ። ጉዳዩ ኳስ ነው፣ ግን የዝውውር ወሬ አይደለም። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኩት።

ነገሩ የተነሳው ለንደን የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በቀደም ሲደውልልኝ ነው። ልጁ 11 ዓመቱ ነው። ስሙን እዚህ ከማልጠራው ክለብ ለራሱም ለልጁም ሲዝን ቲኬት የሚሉትን የዓመት ትኬት አውጥቷል፤ ወንበራቸው ጎን ለጎን ነው። የልጁ በልጅ ዋጋ፣ የሱ በሙሉ ዋጋ። ወንድሜ አውቶቡስ ነጂ ነው። ፈረቃው ቅዳሜና እሁድ ላይ ሲወድቅበት ሁለቱም ይቀራሉ፤ ልጁ ያለ አዋቂ መግባት አይፈቀድለትማ።

«ከክለቡ ኢሜይል መጣ» አለኝ። «ማሙሽ ብዙ ጨዋታ ስለቀረ የሚመጣው ዓመት ትኬቱ ላይታደስ ይችላል ይላል። አንድ ቀን ደግሞ ወንበሩ ባዶ ከሚሆን ብዬ ጓደኛዬን በልጁ ካርድ ብልከው በር ላይ መለሱት። ምን ዓይነት ሕግ ነው ይሄ? አባዬ እኮ ሁለታችንንም በአንድ ትኬት ነበር የሚያስገባን!»

ሳቅን። ከዛ ሁለታችንም ዝም አልን። አባዬ ካረፈ ቆይቷል።

አዲስ አበባ ስታዲየም ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ጥላ ፎቅ የኛ አልነበረም፤ እኛ ሚስማር ተራ ነበርን። አባዬ እኔን በትከሻው፣ ወንድሜን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ ትኬት ቆራጩ «እነዚህስ?» ይለዋል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ልጆቼ ናቸው፤ ወንበር አይዙም»። በሩ ላይ «ጋሼ፣ ይዘውኝ ይግቡ» የሚሉ የሰፈር ልጆችም ነበሩ። አንዳንድ ቀን ሦስት ሆነን ሄደን አምስት ሆነን እንገባለን፤ አባዬ በአንድ ደቂቃ የአራት ልጆች አባት ይሆናል። ከገባን በኋላ ሁለቱ በየፊናቸው ይጠፋሉ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ «ወንበር አይዙም» የምትለዋ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። የታሪክ አስተማሪ ነኝና ወደ ኋላ ሄጄ አነበብኩ። ለካ የዚህ ሁሉ ሕግ ምስጢር እዚችው ቃል ውስጥ ነው ያለው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። እንግሊዝ ውስጥ ኳስ የቅዳሜ ከሰዓት ነገር የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በ1850 የወጣው የፋብሪካ ሕግ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሥራ እንዲያቆሙ አደረገ። ሰው ግማሽ ቀን ዕረፍት አገኘ፣ ያንን ግማሽ ቀን ኳስ ሞላው። በ1888 በ12 ክለቦች ሊግ ተመሠረተ። በ1890 ሊጉ ለመግቢያ ዝቅተኛ ዋጋ ወሰነ፤ ስድስት ፔንስ። ልጆች ብዙውን ጊዜ በግማሽ ይገቡ ነበር። ያም ቢሆን ስንቱ ልጅ ከፍሎ ገባ? አባት ልጁን በሚሽከረከረው የብረት በር ላይ አንስቶ ያሻግረዋል፤ ወይ ልጁ በሥር ሾልኮ ይገባል። የጨዋታው ሦስት አራተኛ ሲያልቅ ደግሞ ሰው መውጣት እንዲችል በሮቹ ይከፈታሉ፤ ያኔ ውጭ ሲጠብቁ የነበሩ ልጆች በነጻ ገብተው የመጨረሻዋን ሩብ ያያሉ።

ውስጥ የገባ ልጅ ምን ያያል? አብዛኛው ተመልካች የሚቆመው ደረጃ ላይ ነበር። አጭር ልጅ ከኋላ ሆኖ የሚያየው የሰው ጀርባ ነው። ስለዚህ ልጁን አንስተው በሰው ጭንቅላት ላይ እያቀባበሉ እስከ ፊተኛው አጥር ያደርሱታል። አንዳንዱ አባት የሚቆምበት ሳጥን ይይዝለታል። ልጁን የሚጠብቀው ማን ነው? ሁሉም ነው። የማን ልጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንብቤ እዚህ ስደርስ ሚስማር ተራ ትዝ አለኝ።

ክለቦቹ ለልጆች ለብቻ ቦታ መስጠት ሲጀምሩም ነገሩ የዋዛ አልነበረም። ሊቨርፑል አንፊልድ ላይ፣ ዝነኛው ኮፕ ጥግ፣ በአጥር የተከለለ የልጆች ቦታ ነበር። ስሙ ቃል በቃል «የወንዶች ልጆች በረት» ማለት ነው። ኤቨርተንም ጉዲሰን ፓርክ ላይ ተመሳሳይ ነበረው። በትንሽ ሳንቲም ይገባል፤ ውስጡ ግን ጉልበተኛ የሚነግሥበት ነበር። የልጆቹ ትልቁ ጀብዱ ኳሱን ማየት ሳይሆን አጥሩን ዘለው ትልልቆቹ ወዳሉበት ኮፕ ማምለጥ ነበር ይባላል። አርሰናልም ሃይበሪ ላይ የተማሪዎች መቆሚያ ነበረው። ደራሲው ኒክ ሆርንቢ በ1968 ወላጆቹ በተለያዩበት ወቅት አባቱ ወደ ሃይበሪ ሲወስደው 11 ዓመቱ ነበር፤ ልክ እንደ ወንድሜ ልጅ። በ1992 ያሳተመው «ፊቨር ፒች» የተባለው መጽሐፉ ከዚያ ቀን የተወለደ ነው። አባትና ልጅ የሚያወሩት ሲያጡ ኳስ የጋራ ወሬ ሆነላቸው። ይሄን እኛም እናውቀዋለን፤ አባዬ ከስታዲየም ስንመለስ ያወራውን ያህል ቤት ውስጥ አውርቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልግባ። ያ መተቃቀፍ ዋጋ ነበረው።

በ1946 መጋቢት ወር ቦልተን ከስቶክ ሲጫወቱ ሜዳው ከአቅሙ በላይ ሞላ። መጨናነቁ ያሳሰበው አንድ አባት ትንሽ ልጁን ይዞ ለመውጣት የተቆለፈ በር ከፈተ። እሱ ሲወጣ ውጭ የነበረው ሕዝብ በዚያው በር ገባ። በዚያን ቀን 33 ሰው ሞተ። በአባቱ መፍረድ አይቻልም፤ ልጁን ነው ያዳነው። ጥፋቱ ስንት ሰው እንደገባ በወቅቱ መቁጠርና በሮቹን በጊዜ መዝጋት አለመቻሉ ነበር።

ከዚያ በ1989 ሚያዝያ 15 ቀን ሂልስቦሮ መጣ። የሊቨርፑልና የኖቲንግሃም ፎረስት የኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ። ፖሊስ ሕዝቡን በአጥር ወደታጠሩ፣ ቀድመው ወደሞሉ ክፍሎች አስገባ፤ በዚህም የሞቱት 97 ደረሱ። ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። ትንሹ የ10 ዓመት ልጅ ነበር፤ የስቲቨን ጄራርድ ዘመድ። ለዓመታት ጥፋቱ በደጋፊው ላይ ሲላከክ ኖሮ፣ በ2016 ሸንጎው የሞቱት በሕገወጥ መንገድ መገደላቸውንና ደጋፊዎቹ ጥፋት እንደሌለባቸው ወሰነ። ልጅ እንዲያይ ወደ ፊት ይላካል ያልኳችሁ ያ አሮጌ ደግነት፣ የብረት አጥር ባለበት ሜዳ ወደ ሞት መላክ ሆነ።

ዳኛ ቴይለር በ1990 ጥር የመጨረሻ ሪፖርቱን አወጣ፤ ሁሉም ሰው ይቀመጥ አለ። በላይኛዎቹ ሁለት ዲቪዚዮኖች ያሉ ስታዲየሞች እስከ 1994 ድረስ ሙሉ በሙሉ ወንበር እንዲኖራቸው ተወሰነ። የድሮው የኮፕ መቆሚያ ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ ያገለገለው በ1994 ሚያዝያ 30 ነው። ቴይለር ወንበር ማለት ውድ ዋጋ ማለት መሆን የለበትም ብሎም ነበር፤ ግላስጎው አይብሮክስ ላይ ወንበር 6 ፓውንድ፣ መቆሚያ 4 ፓውንድ መሆኑን ጠቅሷል። ይሄን ምክሩን ግን የሰማው አልነበረም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሰው በሚቆምበት ዘመን ልጅ ቦታ አይዝም፤ ይጣበባል፣ ይታቀፋል፣ ትከሻ ላይ ይወጣል። አንድ ወንበር ለአንድ ሰው ከሆነ በኋላ ግን የ6 ዓመት ልጅ የሚይዘው ቦታ ልክ የአባቱን ያህል ነው። በልጅ ዋጋ የሚሸጥ እያንዳንዱ ወንበር ክለቡ በሙሉ ዋጋ ሊሸጠው የሚችል ወንበር ሆነ። አባዬ «ወንበር አይዙም» ሲል በሩ የሚከፈተው ለዚህ ነበር። ዛሬ ያ አባባል አይሠራም። ልጁ ወንበር ይይዛል፤ ስለዚህ በሂሳብ ዝርዝር ውስጥ ገባ።

ሕጎቹ ሁሉ ከዚህ የመጡ ናቸው። የልጅ ትኬት በርካሽ ይገኛል፤ ለምሳሌ ዌስትሃም በ2016 ወደ ለንደን ስታዲየም ሲገባ ከ16 ዓመት በታች ላሉ የዓመት ትኬት በ99 ፓውንድ ሸጧል። ርካሽ ነገር ባለበት ግን ብልጥ አይጠፋም፤ በልጅ ስም አውጥቶ አዋቂ የሚቀመጥበት ሞልቷል። ድሮ የዓመት ትኬት እየተቀደደ የሚሰጥ ደብተር ነበር፤ ማን እንደተቀመጠበት የሚያውቅ የለም። ካርድና ስልክ ሲመጣ በሩ ራሱ ማወቅ ጀመረ። በብዙ ስታዲየሞች የልጅ ትኬት ሲነበብ ለየት ያለ ቀለም ያለው መብራት ይበራል፤ ጢም ያለው ሰውዬ ቆሞ መብራቱ «ልጅ» ካለ ዘበኛው ጠጋ ይላል። የወንድሜ ጓደኛ የተመለሰው እንዲህ ነው።

መገኘትን መቁጠርም የዚሁ ልጅ ነው። የትላልቆቹ ክለቦች የትኬት ወረፋ በአስር ሺዎች ይቆጠራል። «ትኬቱ አልቋል» ተብሎ ወንበሩ ባዶ ሲታይ ወረፋ የሚጠብቀው ይናደዳል፤ ነጋዴም ትኬት ሰብስቦ ይቸረችራል። ለዚህ ነው ማንችስተር ዩናይትድ በቅርብ ዓመታት ከ19 የሜዳው የሊግ ጨዋታዎች ቢያንስ በ16ቱ ወንበሩ ጥቅም ላይ ይዋል ያለው። ሌሎችም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። ለንደን ውስጥ ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ የ11 ዓመት ልጅም እኮ አለ።

ግን አንድ ነገር ይጎረብጠኛል። አዋቂ ሲቀር በራሱ ውሳኔ ነው። ልጅ ግን ራሱን አያመጣም። የአባቱ ፈረቃ አለ፣ ፈተና አለ፣ በዓል አለ። ጨዋታውን ከቅዳሜ ከሰዓት ወደ ሰኞ ማታ የሚያዞረው ደግሞ ቴሌቪዥን ነው፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት አለ። ብቻውን ልምጣ ቢል በር ላይ አዋቂህ የት አለ ይባላል። ያለ አዋቂ አትግባ የሚለው ሕግ ትክክል ነው። ካልመጣህ እንቀንስሃለን የሚለውም ለብቻው ሲታይ ያስኬዳል። ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ ግን ልጁ ባላጠፋው ይቀጣል። ዋጋውም ቢሆን እየጠበበ ነው፤ በ2024 መጨረሻ ማንችስተር ዩናይትድ ለአባላት የሚሸጣቸውን ቀሪ ትኬቶች ለልጅም ለሽማግሌም ሳይለይ 66 ፓውንድ አደረጋቸው፤ ደጋፊው ተቃውሞ ወጣ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ይሄን ሁሉ ስጽፍ ሕሊናዬ ዝም አላለኝም። እኔም በየቀኑ ስም እጠራለሁ። ከተወሰነ ቀን በላይ የቀረ ይሰረዛል፤ ደንብ ነው። ከዓመታት በፊት፣ ሌላ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ በገበያ ቀን ሁልጊዜ የሚቀር ልጅ ነበረኝ። ቆጠርኩ፣ አስተላለፍኩ፣ ተሰረዘ። እናቱ ታማ በሷ ፋንታ ገበያ ይቀመጥ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። የቆጠርኩት ቁጥር ትክክል ነበር። ያልጠየቅሁት «ለምን?» ነው። ስለዚህ ክለቡን ብቻ ልውቀስ ብል አፌ አይከፈትም።

ውጭ ላላችሁና ለልጆቻችሁ ትኬት ላወጣችሁ ወገኖች ከወንድሜ የተማርኩትን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ በብዙ ክለቦች «መገኘት» ማለት በአካል መቀመጥ ብቻ አይደለም፤ መሄድ ካልቻላችሁ ወንበሩን በክለቡ መንገድ መልሳችሁ ለሽያጭ ብታቀርቡ ወይም ብታስተላልፉ ይቆጠርላችኋል። ወንድሜ ይሄን አላወቀም፤ ዝም ብሎ ባዶ ነበር የሚተወው። ሁለተኛ፣ የልጅን ትኬት ለሌላ ልጅ አስተላልፉ፤ ለአዋቂ ከሆነ ልዩነቱን መክፈል የሚቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ዕድሜው የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ እዩ። አራተኛ፣ ማስጠንቀቂያ ከመጣ አትፍሩ፣ ምክንያታችሁን በጽሑፍ አስረዱ። ኢሜይሉን ሳታነቡ አትለፉ፤ እንግሊዝኛው ቢከብድ ልጁ ራሱ ያነብላችኋል!

ወንድሜ ጽፏል። የፈረቃውን ወረቀት አያይዟል። መልሱን እየጠበቀ ነው። ማሙሽ ስልኩን ተቀብሎ «አጎቴ፣ ካልታደሰስ?» አለኝ። «አባትህ ትከሻ ላይ ትወጣለህ» ልለው ፈልጌ ተውኩት፤ እዚያ አገር ያ በር ተዘግቷል፣ የተዘጋውም በ97 ሰው ሞት ነው። ክፍት እንዲሆን የምመኘው በር ሌላ ነው፦ ከመሰረዙ በፊት ልጁን «ለምን ቀረህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያለበት። ከክለቡ መልስ እስኪመጣ፣ እኔ ሰኞ ስም ስጠራ ከዚያው እጀምራለሁ።

እናንተን መጀመሪያ ስታዲየም ያስገባችሁ ማን ነበር? አባት፣ አጎት፣ ወይስ «ጋሼ ይዘውኝ ይግቡ» ያላችሁት የማታውቁት ሰው? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።

መልካም ቅዳሜ።