«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

እኔ የእንጅባራ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ ትልቅ ውሃ ሲባል ዘንገና ነው፣ ራቅ ካለም ጣና። ግን የባሕር በር ክርክር በተነሳ ቁጥር ፊቴ የምትደቀነው አንዲት መርከብ ናት፤ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ፣ «ኢትዮጵያ»።

ስትወለድ ስሟ «ኦርካ» ነበር። አላስካ ያለ የባሕር ወሽመጥ ስም ነው፤ ፈረንጆቹ በዚያው ቃል ገዳዩን ዓሣ ነባሪም ይጠሩበታል። አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ እ.ኤ.አ. በጥር 1944 አገልግሎት ጀመረች። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ፣ የኳስ ሜዳ በሉት። ዋና ሥራዋ ውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ ማቅረብ፣ እነሱን መጠገን፣ ሠራተኞቻቸውን ማብላትና ማሳደር ነበር። ኒው ጊኒ ደረሰች፤ ፊሊፒንስ ላይ የጃፓን ካሚካዜዎች በሚወርዱበት ውሃ ቆይታ ተረፈች። እ.ኤ.አ. በ1946 ቢኪኒ ላይ አቶም ቦምብ ሲሞከርም ከተሠማሩት መርከቦች አንዷ ነበረች።

በጥር 1954 ዓ.ም. ለእኛ ተሰጠች። ተሰጠች ስል በውሰት ነው እንጂ! የተሸጠችልን እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እንግዲህ አስቡት፤ «ኢትዮጵያ» ተብላ 14 ዓመት የሰው ንብረት ነበረች። የእኛ የሆነችው ንጉሡ ወርደው፣ ደርግ ከአሜሪካ ጋር መኮራረፍ ከጀመረ በኋላ። ይሄ ያስቀኛልም፣ ያሳዝነኛልም።

አንዳንዱ ሰው የንጉሡ ጌጥ አድርጎ ያያታል። አልስማማም። ማሠልጠኛ መርከብ ነበረች፤ ባሕር አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ ባሕርተኛ የሚሆነው እንዲህ ያለ መርከብ ላይ ወጥቶ፣ አስታውኮ፣ ተላምዶ ነው። ወደብ ቢገኝ እንኳ ይሄ በአዋጅ አይመጣም።

የካቲት 1982 ምፅዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች። ግንቦት 1983 ላይ መንግሥት ሲወድቅ የቀሩት መርከቦች ከነሠራተኞቻቸው ቀይ ባሕርን ይዘው ወጡ። «ኢትዮጵያ» የመን ደረሰች። ካሚካዜ ያላሰመጣት መርከብ እዚያ ቆማ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ወደብ የሌላትን ማን ይቀልባት!

ስለ ብረቷ ይሄን ያህል ተጽፏል። ስለ ልጆቿ ግን ያገኘሁት ጥቂት ነው። አባቱ ወይም አጎቱ እሷ ላይ ያገለገለ ካለ፣ ከዳንግላም ይሁን ከየትም፣ ዛሬውኑ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁልኝ፤ ፎቶም ካለ ከታች አስቀምጡ። አብዛኞቹ ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው።