ገበጣ እና የኮምፒውተር ሀሁ

ዳንግላ ተቀምጦ የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራት ለሚጀምር ወጣት ገበጣን አስቀድማለሁ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ከ100 በላይ ዓይነት መዝግበዋል። ተጫዋቹ ከአንድ ጉድጓድ ጠጠሮቹን ያፍሳል፤ እጁ ባዶ እስኪሆን በየጉድጓዱ አንድ አንድ ይጥላል። በፕሮግራም ቋንቋ ይህ ዑደት ነው። በብዙዎቹ ዓይነቶች የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ካገኘ ተራው ያልፋል፤ አለዚያ እንደገና ያፍሳል፤ ይህም «ከሆነ» እና «ካልሆነ» ነው። የጀማሪ ትምህርት ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

እ.ኤ.አ. በ2002 አምስተርዳም ውስጥ የምዕራብ አፍሪካ ዘመዱ አዋሪ በ144 ፕሮሰሰሮች እስከ ፍጻሜው ተሰላ፤ 889 ቢሊዮን ያህል አቀማመጥ ተመርምሮ ውጤቱ አቻ ሆነ። የእኛው ሕግ ግን እንደ አገሩ ይለያያል፤ ብዙው በቃል ብቻ የሚኖር ነው። ኮምፒውተር ግምት አያውቅምና ወጣቱ ኮዱን ከመጻፉ በፊት አያቱን መጠየቅ ይኖርበታል።