አጋፋሪው ጓዳ ሲገባ

ስልካችን ድርቅ ሲል ሁላችንም «ኔትወርኩ ነው» እንላለን። ኔትወርክ መልስ ያዘገያል እንጂ ስክሪን አያደርቅም። ስክሪኑን የሚያደርቀው የአፑ አሠራር ነው፤ ታሪኩም የቆየ ነው።

እስቲ ድግስ እናስብ። አጋፋሪው በር ላይ እንግዳ ይቀበላል፣ ወጡ ጓዳ ይሠራል። አጋፋሪው ራሱ ወጥ ላማስል ብሎ ጓዳ ከገባ እንግዳው ደጅ ቆሞ ይቀራል። በ1992 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዊንዶውስ 3.1 እንዲህ ነበር፤ አንዱ ፕሮግራም ተራውን ካልለቀቀ ሌላው የአሸዋ ሰዓቷን እያየ ይጠብቃል። በ1995 ዊንዶውስ 95 ሲመጣ ተራ ማደሉን ሲስተሙ ራሱ ያዘው፤ ፕሮግራሙም ከባዱን ሥራ ትሬድ ለሚባሉ የጓዳ ሠራተኞች ማከፋፈል ቻለ። አንድ ልማድ ግን ጸና፦ ጓዳው ያቀብላል እንጂ አዳራሽ ወጥቶ አያስተናግድም። ስክሪኑን የሚነካው ዋናው ትሬድ ብቻ ነው።

አንድሮይድ ይህን አጠበቀው። ሲነካ 5 ሰከንድ ዝም ያለ አፕ «ይዘጋ ወይስ ይጠበቅ?» ያስብላል። ከ2011ዱ አንድሮይድ 3.0 ጀምሮ ደግሞ ለዚያ ሥሪት የተዘጋጀ አፕ በዋናው ትሬድ ኢንተርኔት ከጠራ እዚያው ይወድቃል። ያም ሆኖ አጋፋሪው የጓዳውን መልስ ቆሞ እንዲጠብቅ ማድረግ ዛሬም ይቻላል።

ፈጣን መስመር ባለው ቢሮ ይህ ስንፍና አይታይም። መካነ ሰላም ላይ ኔትወርኩ በደከመ ቀን ገንዘብ የሚልክ ሰው ግን ያየዋል፤ ተልኳል ወይስ ደግሜ ልጫን? አፕ የምትሠሩ ወዳጆቻችን፣ መስመሩን ማፍጠን ባትችሉ «እየተላከ ነው፣ አይድገሙ» ማለት አያቅታችሁም።