የማኅፀን በር ካንሰርን የመከላከል ምርምር
የማኅፀን በር ካንሰርን የመከላከል ምርምር ከቤተ ሙከራ ተነሥቶ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የደረሰ የሕዝብ ጤና ዘርፍ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ1970ዎቹ የበሽታው መንስኤ ነው ተብሎ በዋናነት ይጠረጠር የነበረው የብልት ሄርፒስ ቫይረስ ነው። ጀርመናዊው ሐራልድ ሱር ሃውዘን ግን ጣቱን ኪንታሮት በሚያወጣው ቤተሰብ፣ በሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ላይ ቀሰረ፤ ሰሚ ያገኘው ዘግይቶ ነው። ቡድኑ በ1983 እና በ1984 ዓይነት 16ንና 18ን ከዕጢ ናሙናዎች ለየ። ከበሽታው 70 በመቶ ያህሉ የእነዚህ የሁለቱ ሥራ ነው። ቫይረሱን የሚከላከል ክትባት በ2006 ተፈቀደ፣ የሱር ሃውዘን የኖቤል ሽልማትም በ2008 ተከተለ።

ክትባቱ ያመለጣቸው ሴቶችስ? በሙምባይ የድሆች መንደሮች 150,000 ገደማ ሴቶችን ባቀፈ ሙከራ፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ጤና ሠራተኞች የማኅፀንን በር የአቸቶ አሲድ እየቀቡ በዓይን ይመረምሩ ነበር፤ የተለወጠ ሕዋስ ካለ ይነጣል። በ2013 ይፋ በሆነው ውጤት በበሽታው የሚደርሰው ሞት በ31 በመቶ ቀንሷል። ያለ ማይክሮስኮፕ፣ ያለ ላቦራቶሪ! ዘዴው በኢትዮጵያ ጤና ተቋማትም ይሠራበታል።

ክትባቱ ስንት መርፌ ይበቃዋል የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው ጎረቤት ኬንያ ውስጥ ነው። ከ15 እስከ 20 ዓመት የሆናቸው 2,275 ወጣት ሴቶች የተሳተፉበት ሙከራ፣ አንድ መርፌ ብቻ በ18 ወራት ውስጥ ከዓይነት 16ና 18 ዘላቂ ልክፈት 97.5 በመቶ እንደሚከላከል በ2022 አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት አንድ መርፌን እንደ አማራጭ ተቀበለ። በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በሁለት መርፌ የጀመረችው ኢትዮጵያ፣ በ2024 ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ ዘመቻ አካሂዳለች።