መጋረጃው ሲቀየር ታሪኩ የት ይሄዳል?

ቮልስ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ያቺን ጎባጣ መኪና ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእሷ ስለሆነ ከታሪካችን ጋር ተጣብቃ ቀርታለች። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ታናሽ ወንድሟ፣ አልጋ ስለተዘረጋበት የቮልስዋገን ሚኒባስ ነው። ይበልጡን ደግሞ ስለ መጋረጃው። አትሳቁ! መጋረጃም ታሪክ አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ቤን ፖን የሚባል ሆላንዳዊ የመኪና ነጋዴ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድ ሳጥን መሳይ መኪና ሞነጫጨረ። በ1950 ፋብሪካው ማምረት ጀመረ። በ1951 ደግሞ ቬስትፋሊያ የተባለ የጀርመን ድርጅት "ካምፒንግ ቦክስ" ይዞ ብቅ አለ። ድርጅቱ በ1844 ቪደንብሩክ ከተማ የተቋቋመ፣ የፈረስ ሠረገላ ሲሠራ የኖረ ነው። ሳጥኑ ከሚኒባሱ የሚገባና የሚወጣ የቤት ዕቃ ነበር። ሰኞ መኪናው ዕቃ ይጭናል፤ ቅዳሜ ቤተሰብ ያድርበታል።

ከጦርነት ፍርስራሽ እየተነሳች ለነበረችው ምዕራብ ጀርመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ለእንጀራ የተገዛ መኪና ያለ ሆቴል ወጪ ለሽርሽር ይወጣ ጀመር። ዙሪያውን መስኮት የሆነ መኪና ግን ያለ መጋረጃ መኝታ ቤት አይሆንም፤ መንገደኛ ሁሉ የሚያየው ሱቅ ነው። መኪናውን ቤት ያደረገው ጨርቁ ነው ብንል አላጋነንም።

ችግሩ፣ ጨርቅ እንደ ብረት አይቆይም። ቀን ፀሐይ ያነደዋል፣ ሌሊት የተኙት ሰዎች ትንፋሽ መስታወቱ ላይ ውሃ ሆኖ ያረጥበዋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሲታጠብ እጅ ላይ ይበጣጠሳል። ጠቡ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንዱ "ኦርጅናሉ አይነካ!" ይላል። ሌላው "መኪናው ሙዚየም አይደለም፣ እንተኛበት" ይላል።

እኛ ሁለቱም እውነት አላቸው ባዮች ነን። መፍትሔው ያለው ልብስ ሰፊው እጅ ላይ ነው። አሮጌው መጋረጃ አይጣልም፤ ስፌቱ በጥንቃቄ ይፈታና ለአዲሱ ልክ ማውጫ ይሆናል። እጥፋቱ ስንት ጣት እንደነበር፣ ቀለሙ ፀሐይ ሳይነካው ምን ይመስል እንደነበር የሚናገረው እሱ ነው። አዲሱ ጨርቅ ጥጥ ከሆነ ሳይቆረጥ በፊት ይታጠባል፤ አለዚያ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ያጥራል። ስፋቱ የመስኮቱን አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ይሁን። መስኮቱ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከ90 እስከ 120 ማለት ነው፤ ሽብሽብ የሚያምረው ያኔ ነው። የመኪናው ግድግዳ ወደ ውስጥ ዘንበል ስለሚል ከላይ ብቻ የታሰረ መጋረጃ ከመስታወቱ ርቆ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ከታችም መያዣ ያስፈልገዋል። ምድጃ አጠገብ ያለውማ እሳት ቶሎ የማይዘው ጨርቅ ይሁን፤ እዚህ ላይ ለኦርጅናል ብሎ መሟገት የለም።

ከዚያስ? አሮጌው ጨርቅ ታጥፎ፣ ከየትኛው መኪናና ከየትኛው መስኮት እንደወረደ ተጽፎበት ይቀመጥ። ታሪክ የሚጠፋው ዕቃ ሲቀየር ሳይሆን የነበረው ሳይመዘገብ ሲጣል ነው። እስቲ እናንተም የእናቶቻችሁ መጋረጃ ከመስኮት ሲወርድ የት እንደሚሄድ ጠይቁ።