አንበሳ ግቢ፦ ምልክቱና ሕያዉ እንስሳ

አዲስ አበባ ያደጋችሁ ከሆነ አንበሳ ግቢን ሳታውቁት አትቀሩም። ከክፍለ ሀገር የመጣችሁም ብትሆኑ ስሙን ሰምታችኋል። ስድስት ኪሎ፣ ከየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልትና ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ብዙም ሳይርቅ የተሠራ ትንሽ የእንስሳት ማቆያ ነው። ጦጣና ዝንጀሮም አይጠፋበትም፤ ሰው ትኬት የሚቆርጠው ግን ለአንበሶቹ ነበር።

እኔ መጀመሪያ የገባሁት የሰንበት ትምህርት ልጅ ሳለሁ ነው። አስተማሪያችን ሁለት ሁለት አድርጋ እጅ ለእጅ አያያዘችንና ከአራት ኪሎ በእግር ወሰደችን። ስንደርስ አንበሳው ተኝቷል። ጠበቅን፤ አልተነሣም። ከመካከላችን አንዱ እንዲነሣ ብሎ ጠጠር ወረወረበት። “አንዱ” ያልኳችሁ እኔ ነኝ። አንበሳው አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝና መልሶ ጨፈነው።

ለሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት ካደግሁ በኋላ፣ እኔ በተራዬ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ይዤ ነው። ከብረቱ ፊት ቆመን ስለ ዳንኤል ላስተምራቸው ተዘጋጅቻለሁ። ገና አፌን ሳልከፍት አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ፣ “ጋሼ፣ ይሄ አንበሳ የታሰረው ምን አድርጎ ነው?” አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ዘግይቶም ቢሆን መልሱን ስለፈለግሁት ነው። መልሱ ያለው ታሪክ ውስጥ ነው።

የዙፋን ጎረቤት

አንበሳና ቤተ መንግሥት በአገራችን የቆየ ጉርብትና አላቸው። አፄ ቴዎድሮስ ለማዳ አንበሶች እንደነበሯቸው፣ እንግዳም ሲቀበሉ አንበሶቹ አጠገባቸው እንደሚሆኑ በዘመኑ ያዩአቸው አውሮፓውያን ጽፈዋል። ከአፄ ምኒልክ እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ነገሥታቱ “ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ” የሚለውን ቃል በማኅተማቸውና በደብዳቤያቸው ራስ ላይ ያኖሩ ነበር። መነሻው ያዕቆብ ይሁዳን የባረከበት የዘፍጥረት ምዕራፍ 49 እና የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 5 መሆኑን ታውቃላችሁ።

ክብሩ ግን ሌላም ገጽ ነበረው። አንበሳ የገደለ ጀግና ይፎክራል፣ ይሸለማል፤ ጎፈሩን በራሱ ላይ ያደርጋል፣ ቆዳውንም ለምድ አድርጎ ይለብሳል። የድሮ አርበኞችን ፎቶግራፍ ተመልከቱ፤ ከግንባራቸው በላይ የቆመው ጠጉር የአንበሳ ጎፈር ነው። እንግዲህ አንበሳን ያከበርነው ብዙ ጊዜ ከሞተ በኋላ ነበር ማለት ነው።

በ1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ተመረቀ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ሐውልቱን ነቅሎ ሮም ወሰደው። ሠላሳ ዓመት ገደማ በስደት ቆይቶ ነው ወደ ቦታው የተመለሰው። በብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለውን ትልቁን የድንጋይ አንበሳ ደግሞ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የንግሥ በዓል ሠራው። ወራሪ ሳይቀር የአንበሳ ሐውልት ሲዘርፍ የአገር ምልክት መዝረፉ እንደሆነ ገብቶታል። የምልክቱ ኃይል እስከዚህ ድረስ ነበር።

አምስት ወንድ፣ ሁለት ሴት

ሕያዋኑ አንበሶች ስድስት ኪሎ የገቡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ነው፤ በእኛ 1940 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ሲያሠሩ በሰባት አንበሶች እንደተጀመረ ይነገራል፤ አምስት ወንድና ሁለት ሴት።

ይህን ቁጥር ልብ በሉት። ከውጭ ሌላ ካልተጨመረ በቀር፣ ከዚያ ወዲህ በግቢው የተወለደ ደቦል ሁሉ የዘር ሐረጉ ከእነዚያ ሁለት እናቶች ይመዘዛል። ወንድም ከእኅት፣ የአጎት ልጅ ከአጎት ልጅ እየተዋለደ ስልሳና ሰባ ዓመት ያልፋል። በዱር ቢሆን ወንዱ ደቦል ሲጎለምስ ከመንጋው ተባርሮ ሩቅ አገር ይሄዳል፤ በዚህም ዘሩ ይቀላቀላል። በብረት አጥር ውስጥ የሚሄድበት አገር የለም።

ሌላም ነገር አለ። ሴቷ አንበሳ የምታረግዘው ለሦስት ወር ተኩል ገደማ ሲሆን በአንድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ደቦል ትወልዳለች። በዱር ብዙዎቹ ደቦሎች በረኃብ፣ በጅብ ወይም በባዕድ ወንድ አንበሳ ይሞታሉ። በግቢ ግን ሥጋ ይቀርብላቸዋል፤ ያድጋሉ፤ እነሱም በተራቸው ይወልዳሉ። ቁጥሩ ሲጨምር ግንቡና ብረቱ ያው ነው። አንድ አዋቂ አንበሳ በአማካይ በቀን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሥጋ ይፈልጋል። ሃያ አንበሳ ቢኖር በየቀኑ ከመቶ ኪሎ በላይ ማለት ነው፤ ጾም ፍስክ የለበትም። በመግቢያ ትኬት ብቻ ይህ እንዴት እንደሚሸፈን እናንተው አስሉት።

ምልክቱ ሲበዛ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ዘውድ የጫነው አንበሳም ከሰንደቅ ዓላማው ተነሣ። አንበሶቹ ግን እዚያው ስድስት ኪሎ ቀሩ። ያሳደራቸው ዙፋን ሲወድቅ እነሱ ቁርሳቸውን ይጠብቁ ነበር።

የሚገርመው ምልክቱም ብዙ አልራቀም። ደርግ ባወጣቸው ሳንቲሞች ላይ የታተመው ያው የአንበሳ ራስ ነበር። እስከ ዛሬ ከተማችንን ዞር ብላችሁ ብታዩ ስሙ የሌለበት የለም፦ አንበሳ አውቶቡስ፣ አንበሳ ጫማ፣ አንበሳ ባንክ። ጎበዝ ልጅ ሲመሰገን “አንበሳ ነህ!” ይባላል። ኪሳችን ውስጥ፣ እግራችን ላይ፣ አፋችን ላይ አንበሳ አለ።

በዚህ ሁሉ መካከል፣ በኅዳር 1999 ዓ.ም. የዓለም የዜና አውታሮች ስለ አንበሳ ግቢ አንድ አሳፋሪ ዜና አሰሙ። ቦታው ስለጠበበና ገንዘብ ስላጠረ አንዳንድ ደቦሎች በመርዝ እንዲሞቱ እየተደረገ፣ አካላቸውም ቆዳ ለጌጥ ለሚያዘጋጁ ሰዎች እየተሸጠ ነው የሚል ነበር። የግቢው ኃላፊም ነገሩን አልካዱም፤ ቦታና በቂ በጀት የለንም ነው ያሉት።

እዚህ ላይ በችኮላ ድንጋይ እንዳናነሣ እለምናችኋለሁ። እኔ በበኩሌ ጠጠር ወርውሬ አውቃለሁ። እነዚያ ሠራተኞች በየማለዳው ሥጋ የሚያቀርቡ፣ ጉድፍ የሚጠርጉ፣ የታመመውን የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ጥያቄው ወደ ሁላችንም ይመጣል። ሳንቲሙ ላይ አንበሳ የሚያትም፣ በአንበሳ ስም የሚፎክር አገር፣ ለአንድ ደቦል ማደጊያ ቦታ እንዴት አጣ?

ያልተጠበቀው ምርመራ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከግቢው አንበሶች የአሥራ አምስቱን፣ የስምንት ወንድና የሰባት ሴት፣ ዘረመል መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ወንዶቹ አንበሶች ጎፈራቸው ጠቆር ያለ፣ ከራስና ከአንገት አልፎ ደረትና ሆድ ላይ የሚወርድ ነው። ይህ መልክ ከአዲስ አበባ ብርድ የመጣ ነው ብሎ መከራከር ይቻል ነበር፤ በቀዝቃዛ አገር የሚኖር አንበሳ ጎፈሩ መብዛቱ የታወቀ ነውና። ተመራማሪዎቹ ግን በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ ካሉ የዱር አንበሶች ጋር ሲያነጻጽሯቸው በዘረመላቸውም የተለዩ ሆነው አገኟቸው። ስለዚህ ዘራቸው እንዳይጠፋ ታስቦበትና ተመርጦ እንዲራቡ መከሩ።

አስቡት እንግዲህ። ቦታ አጣን ተብሎ ደቦል የሞተበት ግቢ ያኖረው ሌላ ቦታ የማይገኝ ዘር ሊሆን ይችላል። የያዝነውን ሳናውቀው በእጃችን ነበር።

ደግነቱ ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ2008 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር አጠገብ ባለው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አጥኚዎች ባጠመዱት ካሜራ የዱር አንበሶች ታይተዋል። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ደግሞ በታላቁ ቤተ መንግሥት አንድነት ፓርክ ሲከፈት ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሶች ከቀድሞው የተሻለ ማረፊያ ተሠርቶላቸው ለሕዝብ ታዩ። መንገዱ ግን ገና ረጅም ነው።

ለልጅቷ ያልመለስኩት

አሁን ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። አንበሳው የታሰረው ምን አድርጎ ነው? ምንም አላደረገም። የታሰረው ስለወደድነው ነው። የወደድነው ግን ስሙን፣ ጎፈሩንና ግርማውን ነበር። እሱ ራሱ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚተኛ፣ ልጆቹ የት እንደሚያድጉ የጠየቅን ጥቂቶች ነን። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” እንላለን። አብረን ማሰሩንስ ችለንበታል፤ ካሰሩ በኋላ አብሮ መጠበቅ ነው ያቃተን።

በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 12 ጻድቅ የእንስሳው ነፍስ ግድ እንደሚለው ተጽፏል። በራእይ ምዕራፍ 5ም ዮሐንስ የይሁዳ አንበሳ ድል መንሣቱን ሰምቶ ቀና ሲል ያየው የታረደ የሚመስል በግ ነው። ስሙን ከዚያ ምዕራፍ ወስደን በየቦታው ስንጽፍ ስሙ የተሰጠበትን መንገድ፣ ራስን ለሌላው መስጠትን፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ትተነው መጥተናል።

ይህ የነገሥታትና የመንግሥታት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ዓመት እኛ ለወጣቶች ኮንፈረንስ ቲሸርት አሠርተን ነበር፤ ደረቱ ላይ የሚያገሳ አንበሳ፣ ከሥሩ የኅብረታችን ስም። ለኅትመቱ ገንዘብ ለማዋጣት ሁለት ሳምንት ሮጥን። በዚያው ሁለት ሳምንት አንድ የኅብረታችን ልጅ ታሞ ቤቱ ተኝቶ ነበር። ማንም አልጠየቀውም። ለእሱም ቲሸርት ነበረው፤ ከጨርቆቹ ጋር ተጣጥፎ ቢሮ ቀረ። ከኮንፈረንሱ በኋላ ወስጄ ስሰጠው እናቱ በር ላይ ተቀብለውኝ፣ “እናንተ ደህና ናችሁ ወይ?” አሉኝ። ወቀሳ አልነበረም። ወቀሳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ቦታ ልጆች ይዛችሁ ስትሄዱ ሦስት ነገር አድርጉ። የተኛውን ተዉት፤ ይተኛ። ጠባቂውን ፈልጉና ሰላምታ ሰጥታችሁ እንስሳቱ ስንት እንደሆኑ፣ በቀን ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚያስቸግረው ጠይቁት፤ ከየትኛውም ሰሌዳ የበለጠ ታሪክ እሱ ዘንድ አለ። ሦስተኛ፣ አንዱ ልጅ “የታሰረው ምን አድርጎ ነው?” ብሎ ቢጠይቃችሁ አትሳቁ።

ለኅብረት ውይይት

1. በቤታችንና በኅብረታችን ስሙን ወይም ምልክቱን እያከበርን ሕያዉን የረሳነው ማንን ነው?

2. ምሳሌ 12፥10ን አንብቡ። በሰፈራችሁ ማንም የማያስታውሰው እንስሳ ወይም ሰው አለ? በዚህ ሳምንት ማን ሄዶ ያያል?

3. የአንበሳ ግቢ ኃላፊ እናንተ ብትሆኑ፣ ቦታና ገንዘብ ባጠረ ጊዜ ምን ታደርጉ ነበር? “ሌላ አማራጭ የለም” ከማለታችሁ በፊት ማንን ታማክሩ ነበር?